ፓስወርዱ ሙድል ውስጥ አይደር

ዛሬ ማታ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፈው። የኮሌጃችን ሙድል (ትምህርቱ፣ የቤት ሥራውና ፈተናው በኦንላይን የሚሰጥበት ሲስተም) "ይህ ሰው ማነው?" ብሎ የሚጠይቀው የራሱን ዳታቤዝ መሆኑ ቀርቶ ኦፕን ኤልዳፕ ሰርቨራችንን ሆነ። ኦፕን ኤልዳፕ የሰዎችን ስምና ፓስወርድ በአንድ ቦታ የሚይዝ ማውጫ ነው። ገና በሙከራ አካውንቶች ነው። ቢሆንም ሠርቷል። ነገሩ ትኩስ እያለ እዚህ ላስፍረው።

ሙድልን የምናሠራው በራሳችን ሰርቨር ላይ ነው። ላይብረሪው የራሱ ሲስተም አለው። ዋይፋዩም እንደዚሁ። ሁሉም የየራሱን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ሴሚስተር በተከፈተ ቁጥር የአይሲቲ ቢሮ በር ላይ ሰልፍ ነው። "ፓስወርድ ጠፋብኝ" የማይል የለም። ያልጠፋበት ደግሞ ወይ ደብተሩ ሽፋን ላይ ጽፎታል፣ ወይ ስልክ ቁጥሩን አድርጎታል። ተማሪውን አልወቅሰውም። ያን ሁሉ በቃልህ ያዝ ማለት ራሱ ልክ አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ውጤቱ፣ የቤት ሥራው፣ ፈተናው፣ ሁሉም ሙድል ላይ ገብቷል። የጓደኛውን ፓስወርድ የሚያውቅ ልጅ የጓደኛውን ፈተና ሊያበላሽበት ይችላል። ቀላል ነገር አይደለም።

ኤልዳፕ፣ ማለትም አፕሊኬሽኖች ከእንዲህ ያለ ማውጫ ጋር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው። አሠራሩን ግን ዛሬም እወደዋለሁ። ሙድል መጀመሪያ የማንበብ ፈቃድ ብቻ ባለው አካውንት ወደ ማውጫው ይገባል። የተማሪውን መዝገብ ይፈልጋል። ሲያገኘው፣ ተማሪው በጻፈው ፓስወርድ በተማሪው ስም እንደገና ለመግባት ይሞክራል። ማውጫው ከፈቀደ ልጁ እሱ ነው፣ ከከለከለ አይደለም። በቃ። ሙድል ፓስወርዱን ማስቀመጥ አያስፈልገውም። ሴቲንጉ ላይ ፓስወርድ እንዳይቀመጥ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ እሱን ነው የመረጥኩት። ወደፊት የሙድል ዳታቤዝ ቢሰረቅ እንኳ የተማሪዎቹ ፓስወርድ እዚያ አይገኝም።

ይህን ክፍል ማዋቀር ብዙ አያደክምም። የሚያደክመው ተማሪውን በምን እንለየው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ፣ መቆየትም ነበረብኝ።

በስም እንዳንለየው፣ ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በየቢሮው ይለያያል። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ መጨረሻውን በዋይ ይጽፈዋል፣ ሌላው በአይ። መሀመድማ አይነሳ። ያው ተማሪ በትራንስክሪፕቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ በላይብረሪ ካርዱ ላይ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይገኛል። ወደ ግዕዝ ፊደል ብንመጣም ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ አሉ። ለኛ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ኃይሉ ብለህ የመዘገብከውን ሀይሉ ብለህ ብትፈልገው አታገኘውም። በኢሜይል እንለየው ብንል ደግሞ ሙድል ካልተፈቀደለት በቀር ሁለት ሰው አንድ ኢሜይል እንዲይዝ አይቀበልም። እኛ ጋ ደግሞ ወንድምና እህት አንድ ኢሜይል ሲጋሩ አይቻለሁ።

ሬጅስትራር ቢሮ ለረጅም ዓመት የሠሩ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሄጄ አማከርኳቸው። የፋይል መደርደሪያውን በእጃቸው አሳዩኝና "ልጄ፣ ስም አትከተል። እኔ ፋይል የማወጣው በቁጥር ነው" አሉኝ። ልክ ናቸው። የመታወቂያ ቁጥሩን የሚሰጠው አንድ ቢሮ ብቻ ነው። የስም አጻጻፍ ሲታረም አብሮ አይቀየርም። ለሌላ ሰውም አይሰጥም። ልጁ ለማስተርስ ሲመለስ አዲስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ እሱን ያኔ እናየዋለን።

ቁጥሩ ራሱ ግን ጣጣ አለው። የኛ መታወቂያ ዩጂአር ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ ስላሽ፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ እንደገና ስላሽ፣ መጨረሻ ላይ የገባበት ዓመት። ሙድል ደግሞ እንዳለ ዩዘርኔም ውስጥ ስላሽ አይቀበልም። ትልልቅ ፊደልም አይቀበልም። የሚፈቅደው ትንንሽ ፊደል፣ ቁጥር፣ ነጥብ፣ ሰረዝ፣ የታች መስመርና የኢሜይል ምልክቷን ብቻ ነው። ይህን ገደብ የሚያነሳ ሴቲንግ አለ፣ ግን አልነካሁትም። ማውጫው ውስጥ ስላሹን ሁሉ በሰረዝ ተካሁት። የመግቢያ ገጹ ላይ ከሳጥኑ በላይ በአማርኛ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ "መታወቂያህ ላይ ስላሽ ያለበት ቦታ ሁሉ ሰረዝ አድርግ።" ከሥሩ ምሳሌ አለ። ለሴትም ለወንድም እንዲሆን ነገ "አድርጉ" ብዬ አስተካክለዋለሁ።

ሌላው የአባት ስም ነው። ኦፕን ኤልዳፕ ላይ የተለመደውን የሰው መዝገብ ስትከፍት የቤተሰብ ስም ግዴታ ነው። ባዶ ትተህ አታልፍም። ሙድልም የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ካላገኘ ተማሪውን መጀመሪያ ፕሮፋይልህን ሙላ ብሎ ይይዘዋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። የአባትንና የአያትን አንድ ላይ አድርጌ በቤተሰብ ስም ቦታ አስገባሁ። ተማሪን በአባቱ ስም የሚጠራ መምህር የለም፤ ስለዚህ ሙድል ላይ የስም ዝርዝሩ ሁሌም የራስ ስምን አስቀድሞ እንዲያሳይ አደረግሁ። ስሞቹ በየሎግኢኑ ከማውጫው እየታደሱ እንዲመጡ፣ ሙድል ላይ ግን እንዳይቀየሩ ቆልፌያቸዋለሁ። እትዬ አንድ ጊዜ ካረሙት ልጁ በሚቀጥለው ሲገባ ታርሞ ያገኘዋል።

ከዚያ ወደ ደህንነቱ። ኤልዳፕ በተለመደው የኔትወርክ በር (ፖርት)፣ በ389፣ ያለ ምስጠራ ከሄደ ፓስወርዱ እንዳለ ነው የሚጓዘው። ይህን ለባልደረባዬ በቃል ከማስረዳ ላሳየው ብዬ በሙከራ አካውንት ገባሁ፤ በቲሲፒደምፕ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን ዳታ በሚያሳይ መሣሪያ) መስመሩን እያየን ነበር። ከዝብርቅርቁ ፊደል መሃል የሙከራ ፓስወርዱ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ባልደረባዬ "ውይ!" ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ምስጠራ ለምን ያስፈልጋል የሚል ክርክር አልነበረም። አሁን በተመሰጠረው በር፣ በ636፣ ነው የምንሠራው፣ የራሳችንን ሰርተፊኬት (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበትን ዲጂታል መታወቂያ) ይዘን። ሰርተፊኬት ሲያስቸግር ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክር "ፍተሻውን አጥፋው" የሚል ነው። አልስማማም። ሰርተፊኬቱን ካልፈተሸ ሙድል የሚያወራው ከኛ ማውጫ ጋር ይሁን ከሌላ ሰው ማሽን ጋር ማወቂያ የለውም። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለውና ሴቲንጉ ላይ የጻፍኩት የሰርቨር ስም አንድ ሲሆን ችግሩ ተፈታ።

ባዶ ፓስወርድም ሞከርኩ። ይህን ማንም ሳይሞክር ማለፍ የለበትም። በኤልዳፕ ደንብ መሠረት ስም ሰጥተህ ፓስወርዱን ባዶ ከተውከው፣ አንዳንድ ሰርቨር ማንነቱ እንዳልታወቀ እንግዳ ቆጥሮ "እሺ" ይልሃል። ያንን "እሺ" ፓስወርዱ ልክ ነው ብሎ የሚተረጉም አፕሊኬሽን ካለ ማንም በማንም ስም ይገባል። ሙድል ባዶውን ራሱ ይመልሰዋል፣ ኦፕን ኤልዳፕም ካልፈቀድክለት አይቀበልም። ሁለቱንም በዓይኔ አይቼ ነው ያለፍኩት።

የለቀቁ ተማሪዎች ጉዳይ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የጠየቀኝ ነው። ሙድል ከማውጫው ጋር ስም ዝርዝሩን የሚያመሳክር ተግባር አለው፤ ሲጫን ጠፍቶ ስለሚመጣ አንተ ነህ የምታበራው። ከማውጫው የጠፋን ሰው ምን ላድርገው ይልሃል፦ እንዳለ ልተወው፣ ላግደው፣ ወይስ ጨርሶ ልሰርዘው? መሰረዝን የመረጠ ሰው እግዚአብሔር ይሁነው። ኦፕን ኤልዳፕ ካልተነገረው በቀር ለአንድ ጥያቄ ከ500 በላይ መዝገብ አይመልስም። የኛ ተማሪ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ዝርዝሩ 500 ላይ ከተቆረጠ የቀሩት ሁሉ እንደለቀቁ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የአንድ ልጅ የዓመታት ሥራ እንዲህ ባለ ምክንያት መጥፋት የለበትም። ስለዚህ ማገድን መረጥኩ፣ ሙድል የሚጠቀምበት አካውንት ላይም ገደቡን አነሳሁ። የታገደ በአንድ ክሊክ ይመለሳል።

መብራት ሲሄድስ? ማውጫው ከቆመ ማንም ሙድል ውስጥ አይገባም። ከሙድል ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ የመመስረት ዋጋው ይህ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። የማውጫውን ቅጂ በሌላ ሕንፃ ያለ ማሽን ላይ አስቀመጥን። ሙድል የሰርቨር አድራሻ በሴሚኮለን (;) ተለይቶ ከአንድ በላይ ይቀበላል፣ አንዱ ዝም ሲል ሌላውን ይሞክራል። የመጀመሪያውን ሰርቨር ሆን ብለን አጥፍተን አየነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ገባ። አንድ የአድሚን አካውንት ደግሞ ሙድሉ ውስጥ በራሱ ፓስወርድ እንዲቆይ አድርገናል። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ የዲኑ ካዝና ውስጥ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚታይ ሌላም ነገር አለ። የቦርድ ባትሪው የሞተ ሰርቨር ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ተመልሶ ይነሳል። ያኔ ሰርተፊኬቱ "ጊዜዬ ገና ነው" ይላል፣ ሎግኢንም ይቆማል። ባትሪዎቹ ተቀይረዋል፣ ሰዓቱም ከኔትወርክ እንዲስተካከል ሆኗል።

ባልደረባዬ ለምን በቀጥታ ኪክሎክ (የብዙ ሲስተሞችን መግቢያ አንድ የሚያደርግ ሶፍትዌር) አንተክልም ይላል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። በኤልዳፕ ፓስወርዱ ሙድል ውስጥ ባያድርም በሙድል በኩል ያልፋል። ኪክሎክ በሚሠራበት ኦፕን አይዲ ኮኔክት በሚባለው ደንብ ግን ተማሪው ፓስወርዱን የሚጽፈው ማንነት አረጋጋጩ ገጽ ላይ ነው፣ ሙድል የሚደርሰው ፊርማ ያለበት ማረጋገጫ ብቻ ነው። አንዴ ገብቶ ላይብረሪውንም መጠቀም ይችላል። ኪክሎክ ከኤልዳፕ ማውጫ ማንበብ ስለሚችል አሁን የደከምንበት አይባክንም። ግን አንድ ተጨማሪ የሚጠበቅ ሰርቨር ነው፣ እኛ ደግሞ ሁለት ሰው ነን። ማውጫው አንድ ሴሚስተር ሳይንገዳገድ ይሥራ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ሰኞ መምህራኑ ይገባሉ። ቀጥሎ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፤ የድሮ ፓስወርድ የላቸውም፣ ግራ አይጋቡም። የቀሩት ከፈተና በኋላ ነው። በፈተና ሳምንት ማንም ይህን ሴቲንግ እንዳይነካ ከአለቃችን ጋር ተስማምተናል፣ ማስታወቂያውም ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።