የሞቱትን ማን ቆጠራቸው?

ዛሬ የዋልኩት የኢራቅ ጦርነት ሟቾችን የገመቱ ሁለት ጥናቶችን ጎን ለጎን ሳነብ ነው። ልቤ ከብዷል።

እ.ኤ.አ. በ2006 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት 1,849 ቤተሰቦችን ጠይቆ፣ በኃይል ጥቃት ብቻ 600,000 ገደማ ሰው ሞቷል አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የተሳተፈበት ሌላው ጥናት ደግሞ 9,345 ቤቶችን አዳርሶ 151,000 አለ። የሸፈኑት ጊዜ ተቀራራቢ ነው።

በናሙና ጥናት አንድ ቤት ሌሎች ብዙ ቤቶችን ይወክላል። የተመረጡት ሰፈሮች ቦምብ የበዛባቸው ከሆኑ ቁጥሩ ይተኮሳል። አደገኛ ሰፈር ከተዘለለ ይወርዳል። እኔን ያመመኝ ግን ሌላ ነው። ሙሉ ቤተሰብ ካለቀ በሩን የሚከፍት የለም። የተሰደደም አይገኝም። ፈርቶ ዝም የሚልም አለ።

ቢሆንም "ጥናቱ ዋጋ የለውም" የሚሉትን አልቀበልም። ሆስፒታልና መዝገብ ቤት ሥራ ሲያቆም፣ ቤት ለቤት ከመጠየቅ ሌላ ምን መንገድ አለ? ከዜና የሚለቀም ቆጠራም ጋዜጠኛ ያልደረሰበትን ሞት አያውቅም። እባካችሁ ቁጥር ስታጋሩ ከነስህተት ወሰኑ፣ ማለትም ግምቱ ከስንት እስከ ስንት ሊሆን እንደሚችል ጨምራችሁ አጋሩ። የላንሴቱ ጥናት ሌሎች ሞቶችን ጨምሮ የሰጠው ጠቅላላ ግምት ከ393,000 እስከ 943,000 የሚዘልቅ ነበር።