የተናደደን ልጅ "ተረጋጋ" ማለት ብቻ አይበቃም

ጦርነት ውስጥ ያለፉ ታዳጊዎች ላይ ሁሌ የምሰማው ወቀሳ አለ፣ "ይሄ ልጅ ባለጌ ሆነ፣ በትንሽ በትልቁ ይገነፍላል"። በጣም ያመኛል። ንዴቱ እኮ የጉዳቱ ምልክት ሊሆን ይችላል፣ መነጫነጭና ድንገት መገንፈል ከፒቲኤስዲ (ከባድ አደጋ ካለፈ በኋላ ከሚቀር የአእምሮ ጉዳት) ምልክቶች አንዱ ነው። አደጋ ላይ እያለ ፈጥኖ መቆጣቱ ሕይወቱን አትርፎለት ይሆናል፣ ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ግን ሰውነቱ ማለፉን ገና አላመነም፣ በር ጓ ሲል ልቡ ይመታል ጥርሱን ይነክሳል ከዛ እናቱ ላይ ወይ አስተማሪው ላይ ይጮሃል።

እንዲህ ያሉ ልጆች ንዴታቸውን መቆጣጠር ከእኩዮቻቸው ጋር በግሩፕ ተሰብስበው ቢማሩ ጥሩ ነው። ለምን በግሩፕ? ታዳጊን ለብቻው ትልቅ ሰው ፊት ብታስቀምጡት ብዙ ጊዜ "ምንም አልሆንኩም" ብሎ ይዘጋል። እኩያው "እኔም እንደዛ ያደርገኛል፣ ማታ እንቅልፍም የለኝም" ሲል ግን ይሰማል፣ እያፈረ የደበቀው ነገር የሱ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል፣ ይሄን ደግሞ የኛ ምክር አይሰጠውም።

ግሩፑ ውስጥ የሚሰሩት ነገር ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ንዴቱ ሰውነቱ ላይ የት እንደሚጀምር ማወቅ፣ ትንፋሽን ቀስ አድርጎ ማስወጣት፣ "ትንሽ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ" ማለትን መለማመድ፣ ከንዴቱ ስር ያለው ፍርሃት ነው ወይስ ሐዘን ብሎ መጠየቅ። "ትራስ ደብድብ ይወጣልሃል" የሚለውን ምክር ግን ተዉት፣ ሲጠና ንዴትን እንደማያበርድ ነው የታየው።

ሴራሊዮን እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 ከቆየው ጦርነት በኋላ ከ15 እስከ 24 ዓመት ላሉ ወጣቶች እንዲህ አይነት የግሩፕ ፕሮግራም ተሰጥቶ ስሜታቸውን በመቆጣጠርና ከሰው ጋር በመግባባት ተሻሽለዋል። ይሄ ተስፋ ይሰጠኛል፣ የመሩትም ስልጠና የወሰዱ የአገሩ ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር፣ ማንንም ልጅ የደረሰበትን ክፉ ነገር ሰው ፊት ተናገር ብላችሁ አታስገድዱ። እሱንም ይጎዳዋል የሚሰሙትንም ይቀሰቅስባቸዋል፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ መስማትም መሳተፍ ነው። እዛ የተነገረ ወደ ውጪ እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያወራ ልጅ ካለ ደግሞ ግሩፑ ብቻውን አይበቃውም፣ ሳይውል ሳያድር ባለሙያ ጋር ይሂድ፣ ለብቻውም አትተዉት።