መቅዘፊያ የተተከለበት ጉብታ

ሐሙስ፣ ሌሊት።

እንቅልፍ እምቢ አለኝና ኦዲሴን፣ የጥንቱን የግሪክ ገጣሚ የሆሜርን ረጅም ግጥም፣ አነሳሁ። ከመጀመሪያው ለመጀመር ጉልበት ስላልነበረኝ መሃሉን ከፈትኩት። አስራ አንደኛው ክፍል ላይ ወደቅኩ። ከትሮይ ጦርነት በባሕር ወደ አገሩ የሚመለሰው ኦዲሲየስ የሙታንን ነፍሳት የሚያነጋግርበት ክፍል ነው። መጀመሪያ ወደ እሱ የሚመጣው ታዲያ ጀግና አይደለም፤ ንጉሥም አይደለም። ኤልፔኖር ነው።

ኤልፔኖር ማነው? ማንም። ከባልደረቦቹ ሁሉ ታናሹ። በጦር ሜዳ ያን ያህል ጎበዝ አይደለም፣ አስተሳሰቡም ያን ያህል የጸና አይደለም ብሎ ገጣሚው ራሱ ያማዋል። አስማተኛዋ ሰርሴ ቤት ጠጥቶ ነፋሻ ቦታ ፍለጋ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተኛ። ጠዋት ጓደኞቹ ለጉዞ ሲንጫጩ ደንግጦ ተነሳ። መሰላል መኖሩን ረሳው። አንገቱ ተሰበረ። እንዲህ ያለውን አሟሟት ለሰው ለመናገር እንኳ ያሳፍራል።

የሚለምነው ብዙ አይደለም። ከነትጥቄ አቃጥሉኝ፣ ባሕሩ ዳር ጉብታ ሥሩልኝ፣ በሕይወት ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር የቀዘፍኩበትን መቅዘፊያ አናቱ ላይ ትከሉልኝ። ይኸው ነው።

እኔን የያዘችኝ ግን ከልመናው በፊት ያለች አንዲት አጭር ነገር ናት። ኦዲሲየስ ሬሳውን ሳናለቅስለት፣ ሳንቀብረው ሰርሴ ቤት ትተነው ሄድን፤ ሌላ ሥራ አቻኩሎን ነበር ይላል።

ሌላ ሥራ።

መጽሐፉን ደረቴ ላይ ደፍቼ ብዙ ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እጽፈዋለሁ። አሁን ዝም ብዬ ስለ ጉብታ ማሰብ ይቀለኛል።

ጥንት በጣም ብዙ ቦታ ሰው ሲሞት አፈር ይቆለልበት ነበር። ነገሩ ቀላል ስለሆነ ይመስለኛል። ግንበኛ አይፈልግም። አፈር፣ ድንጋይ፣ ብዙ ክንድ፣ አለቀ። ከሩቅም ይታያል። ቁም ነገሩ ይሄኛው ነው፤ ከሩቅ መታየቱ። ኢሊያድ ላይ፣ ስለ ትሮይ ጦርነት በሚያወራው የሆሜር ሌላ ግጥም፣ የትሮዩ ጀግና ሄክቶር ከግሪኮቹ አንዱን ለግጥሚያ ሲጠራ ስለዚሁ ያወራል። ከገደልኩት ሬሳውን እመልስላችኋለሁ፣ ሄሌስፖንት በሚባለው ጠባብ ባሕር ዳር ጉብታ ታቆሙለታላችሁ ይላል። ከዘመናት በኋላ አንዱ መርከበኛ ሲያልፍ አይቶት፣ ይህ ሄክቶር የገደለው የአንድ ጀግና መቃብር ነው ይላል። እዩት እንግዲህ! በሌላ ሰው መቃብር ላይ የራሱን ስም ሊጽፍ። ሳነበው ሁልጊዜ ያስቀኛል። መጨረሻ ላይ ግን የመጽሐፉ መዝጊያ የራሱ የሄክቶር ቀብር ነው። ዘጠኝ ቀን እንጨት ተሰበሰበለት፣ ተቃጠለ፣ አጥንቱ በሐምራዊ ጨርቅ ተጠቅልሎ በወርቅ ሣጥን ገባ፣ ድንጋይ ተደረደረበት፣ ጉብታው ተቆለለ። ያኔ አልስቅም።

የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ደግሞ የእስኩቴስን፣ ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን የነበሩ ፈረሰኛ ዘላኖችን፣ ነገሥታት ቀብር ይተርካል። ሬሳው ሆዱ ተጠርጎ በቅመማ ቅመም ይሞላል፣ በሰም ይለበጣል፣ በጋሪ ከነገድ ወደ ነገድ ይዞራል። ከዚያ ከውሽሞቹ አንዷ፣ ጠጅ አሳላፊው፣ ወጥ ቤቱ፣ ባልደራሱ፣ አሽከሩ፣ መልእክተኛው እየታነቁ አብረውት ይቀበራሉ። ፈረሶቹም እንዲሁ። በመጨረሻ ትልቅ ጉብታ ይቆልላሉ፤ በተቻለ መጠን ትልቅ ለማድረግ እርስ በርስ እየተፎካከሩ ነው ይላል። እኔ የሚቆረቁረኝ ወጥ ቤቱ ነው። ምን አደረገ? ጥሩ ስላበሰለ ነው የታነቀው?

ሄሮዶተስ ይቀባጥራል የሚሉ ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ግን ከቀብሩ በኋላ ሰዎቹ የሚያደርጉትንም ጽፏል። እንጨት አቁመው በሱፍ ምንጣፍ ይሸፍኑና ውስጡ ገብተው የጋለ ድንጋይ ላይ የካናቢስ ዘር ይበትናሉ። ጭሱ ደስ ሲላቸው ይጮኻሉ። ታዲያ ደቡብ ሳይቤሪያ፣ አልታይ ተራሮች ውስጥ፣ ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ ሩዴንኮ የተባለው የሶቪየት አርኪዮሎጂስት ጉብታዎች ሲቆፍር ምን አገኘ? የድንኳን እንጨቶች፣ የመዳብ ዕቃ፣ ድንጋይ፣ የተቃጠለ የካናቢስ ዘር። ሌቦች ከጥንት ጀምሮ ገብተው ወርቁን ጠርገውታል። ውሃ ግን ሰርጎ ገብቶ በረዶ ሆነ። በረዶው ከ2 ሺህ ዓመት በላይ ሁሉንም አቆየው፤ ምንጣፉን፣ ፈረሶቹን፣ የሰዎቹን ቆዳ ከነንቅሳቱ። ሌባ ወርቅ እንጂ ምንጣፍ አይፈልግም።

ሳተን ሁ ላይ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። እንግሊዝ ሱፎክ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ኢዲዝ ፕሪቲ የተባለች ሴት መሬት ላይ። ቆፋሪው ባዚል ብራውን በራሱ ጥረት የተማረ ሰው ነው። ከትልቁ ጉብታ ሥር 27 ሜትር የሚሆን መርከብ አገኘ። አገኘ ስል፣ እንጨቱ የለም። በስብሶ አልቋል። የቀረው አሸዋው ላይ የታተመው ቅርጽና በረድፍ የተደረደሩ የብረት ምስማሮች ናቸው። በመርከቡ ውስጥ ወርቅ፣ ብር፣ ሰይፍ፣ በመቶዎች ስብርባሪ የሆነ የራስ ቁር ነበር። ሬሳ የለም። አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ አጥንቱን ሳይቀር በልቶታል። ምናልባት የዚያ አካባቢ የጥንት ንጉሥ ሬድዋልድ ነው ይላሉ። ስም ግን የትም አልተጻፈም።

ቤዎልፍ የሚባለው የጥንት እንግሊዝኛ ግጥም ላይ ጀግናው ሊሞት ሲል፣ ባሕር ላይ በወጣው አፋፍ ላይ ጉብታ ሥሩልኝ፣ መርከበኞች ከሩቅ እያዩ የቤዎልፍ ጉብታ ይሉታል ይላል። በአሥር ቀን ሠሩለት። አሥራ ሁለት ፈረሰኞች እየዞሩ አለቀሱለት። እንግዲህ ቤዎልፍ ስም አለው፣ ጉብታ የለውም። የሳተን ሁው ሰውዬ ጉብታ አለው፣ ስም የለውም። ሁለቱን ብታገናኛቸው አንድ ሙሉ ሰው ይወጣቸው ነበር።

(ሲልበሪ የሚባል ጉብታ ደግሞ አለ፤ እዚያው እንግሊዝ። ከፍታው 40 ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ 4,400 ዓመት ዕድሜ አለው። ቆፈሩት፣ ከአናቱም ከጎኑም ሰረሰሩት፤ የተቀበረ ሰው አልተገኘበትም። ያ ሁሉ ሰው ያን ሁሉ አፈር የተሸከመው ለምን ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።)

ከሁሉም የማራቶኑ ይሻለኛል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490፣ የአቴና ሰዎች ከፋርስ ጦር ጋር የተዋጉበት ሜዳ ነው። አቴናውያን በጦርነት የሞቱባቸውን አጥንት ሰብስበው ወደ ከተማቸው መውሰድ ልማዳቸው ነበር። በማራቶን የወደቁትን 192 ሰዎች ግን እዚያው በወደቁበት ቀበሯቸው፣ ከላያቸው አንድ ጉብታ ለሁሉም። ዛሬም አለ። እዚያ ለብቻው ከፍ ያለ ሰው የለም።

እሺ። አሁን ልጻፈው።

ጓደኛዬ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆነው። ሲቀበር አልነበርኩም። ሌላ ከተማ ነበርኩ፣ ሥራ ይዞኛል፣ ጥዬ ብሄድ ነገር ይበላሻል፤ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ለራሴም ለሰውም አስረዳሁ። ሰውም ገብቶኛል አለኝ። ማንም አልወቀሰኝም። ሥራው ምን እንደነበር ዛሬ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አንድ ሪፖርት ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም።

እሱም እንደ ኤልፔኖር ነበር፤ ማንም። ታሪክ የሚጽፍለት ነገር አልሠራም። ኪሱ ግን ካቻቪቴ አይለየውም። ቤት ሲገባ ሰላም ሳይል በፊት የሚንቀጠቀጥ የወንበር እግር ዓይኑ ይገባል። ሳንጠይቀው ይጠግናል። አንዳንዴ ደህናውንም ፈትቶ ያበላሸው ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ኦዲሲየስ ግን ተመልሷል። ከሙታን ዘንድ እንደወጣ ወደ ሰርሴ ደሴት መርከቡን አዞረ። ጎህ ሲቀድ ሬሳውን አስመጣ፣ እያለቀሱ አቃጠሉት፣ ጉብታውን ቆለሉ፣ ድንጋይ አቆሙ፣ አናቱ ላይ መቅዘፊያውን ተከሉ። ሆሜር ለዚህ የሰጠው ጥቂት ስንኝ ብቻ ነው። ወዲያው ዳቦና ሥጋ ቀረበ፣ ወይን ተቀዳ፣ ሌላ ወሬ ተጀመረ።

ካቻቪቴው እኔ ጋ ነው። አንድ ማታ ሬዲዮዬን ሊሠራ መጥቶ ረስቶት ሄደ፣ ነገ እወስደዋለሁ አለ። አሁን ተነስቼ መሳቢያውን ከፈትኩ። አለ። እጀታው ቢጫ ነው፣ ጫፉ ትንሽ ተጣሟል።