ከፎቶው ጀርባ

ቅዳሜ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ላጸዳ ተነስቼ እስከ ማታ ከአንድ ካርቶን አልተላቀቅኩም። ማጽዳት አይከብደኝም። የማይሠራ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ዕቃ፣ ሦስት ዓመት ያልለበስኩትን ሱሪ ሳላመነታ አስወጣለሁ። ይህ ካርቶን ግን የአያቴ ነው።

አልበሟ ገጹ ሙጫ የተቀባ፣ ከላዩ ስስ ፕላስቲክ የሚለበስ ዓይነት ነው። ሙጫው ጠቁሮ ፎቶዎቹን ጨምድዶ ይዟቸዋል። የመጀመሪያውን በጥፍሬ ላላቅቅ ስል ጥጉ ተቀደደ፤ የሰው ፊት እንዳልነካ እስካይ ድረስ ልቤ ቆሞ ነበር። ከዚያ የጥርስ ማጽጃ ክር አመጣሁ። ክሩን ከፎቶው ሥር አስገብቶ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። እምቢ ያሉትን አላስገደድኳቸውም፤ ከነገጻቸው በስልኬ አነሳኋቸው።

23 ፎቶ ወጣ። ከጀርባው ስም ያለበት 4 ብቻ!

ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ይቺ ማን ናት?»

«እስቲ ወደ ብርሃኑ አድርጊው... ውይ! የአያትሽ ጎረቤት ናት እኮ። እኔ ስወለድ በሌሊት ሮጣ አዋላጇን የጠራችው እሷ ናት።»

ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሷ እየነገረችኝ እኔ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳልጫን፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ ጻፍኩ። እስክሪብቶ ሲጫን ምልክቱ በፎቶው ፊት ላይ ይወጣል፤ ቀለሙም ሌላውን ፎቶ ይበክላል። የቅርብ ጊዜዎቹ ባለቀለም ፎቶዎች ጀርባቸው ስለሚያንሸራትት እርሳስ አይዝላቸውም፤ ለእነሱ ፖስታ አዘጋጅቼ ስሙን ፖስታው ላይ ጻፍኩ።

ኮፍያ ያደረገውን ሰውዬ ግን እናቴም አላወቀችውም። «አያትሽ ብትኖር ትነግርሽ ነበር» ብላ ዝም አለች። ካርቶኑ ለዓመታት አያቴ አልጋ ሥር ነበር። ስንት ጊዜ እግሬ መትቶት አልፌያለሁ።

ደብዳቤዎቹ የታሰሩበት ላስቲክ ደርቆ ወረቀቱ ላይ ተጣብቋል። እሱንም፣ የዛገውንም ስፒል ለቅሜ፣ ደብዳቤዎቹን ዘርግቼ ፋይል ውስጥ አስገባኋቸው። እህቴ ላሚኔት እናስደርጋቸው አለችኝ። በፍጹም! አንዴ ፕላስቲኩ በሙቀት ከተጣበቀ በኋላ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም።

ከሁሉም ያስቸገረኝ የአያቴ ሹራብ ነው። ክርኑ ላይ በሌላ ክር ጠግናዋለች፤ ስፌቱ ጥቃቅንና እኩል ነው፣ ጣቴን ሳሳልፍበት ብቻ ይታወቀኛል። አንገቱ ላይ ጠረኗ ትንሽ ቀርቷል። ብል ደግሞ ላብና እድፍ ያለበትን ሱፍ ይወዳል፤ ሳይታጠብ ካስቀመጥኩት አንድ ቀን ወንፊት ሆኖ አገኘዋለሁ። አቅፌው ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ፣ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አድርቄ፣ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቀለልኩት።

ሁሉንም አላስቀረሁም። የተሰባበረውን ሬዲዮና የደበዘዙትን ድግግሞሽ ፎቶዎች አስወግጃለሁ። ካርቶኑም ከቁም ሳጥኑ አናት፣ ጣሪያው ሥር ካለው ሙቀት ወርዶ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

የባለኮፍያውን ሰውዬ ፎቶ ለእናቴ አክስት በስልክ ልኬላቸው ነበር። ስልክ ላይ ማየት ስለሚቸግራቸው ግን በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን አድርጌ አሳድጌ አሳትሜዋለሁ፤ እሁድ ይዤላቸው እሄዳለሁ።