የኅዳር ሚካኤል መልእክት፦ እስረኛው በእጁ ላይ ስለነበረ መርማሪ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል በሰላም አደረሳችሁ! የሽምብጥ ሚካኤል ጎረቤቶቼ፣ በጣና ዳር ያላችሁ፣ ከባሕር ዳር ርቃችሁ የምትኖሩም፣ በዓሉ የጤናና የሰላም ይሁንላችሁ። ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ቤታችሁ ሳል የሚያስቸግረው አዛውንት ካለ ጭሱ ሳይበረታ መስኮቱን ዝጉለት።

ይህ ቀን ሲመጣ ብዙ ሰው የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታን ያነሳል። እኔ ሌላም ነገር ትዝ ይለኛል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ዳላስ ከተማ ውስጥ በጥይት የተገደሉት በዚሁ ቀን፣ ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። በእኛ ሰዓት ምሽት 3 ሰዓት ተኩል ላይ። ንጉሡ ያን መስከረም ዋሽንግተን ድረስ ሄደው አግኝተዋቸው ነበር። ኅዳር 15 ደግሞ ለቀብራቸው ተመለሱ።

ዕድሜዬን በወንጀል ምርመራ ሥራ ስላሳለፍኩ ይበልጥ የሚከነክነኝ ከሁለት ቀን በኋላ የሆነው ነው። እሑድ፣ ኅዳር 14። ተጠርጣሪው ሊ ሃርቪ ኦስዋልድ ከዳላስ ፖሊስ መምሪያ ወደ ሌላ እስር ቤት ሊዛወር በምድር ቤቱ በኩል እየወጣ ነው። ጂም ላቬል የሚባል መርማሪ የራሱን ግራ እጅ ከእስረኛው ቀኝ እጅ ጋር በካቴና አስሯል። ነጣ ያለ ሱፍ ለብሷል፣ ባርኔጣ አድርጓል። ዝውውሩ ለጋዜጠኞች ቀድሞ ስለተነገረ ምድር ቤቱ ጢም ብሏል። በሌላ በር እናውጣው ብሎ አለቆቹን ጠይቆ እንደነበር ላቬል በኋላ ተናግሯል። ሰሚ አላገኘም።

ጃክ ሩቢ የተባለ የምሽት ክበብ ባለቤት ሽጉጥ ይዞ ከሰው መሀል ወጣ። ላቬል አየው። እስረኛውን ጎትቶ ከኋላው ሊከልለው ሞከረ። ጊዜ አልነበረውም፤ የኦስዋልድ ሰውነት ትንሽ ዞር ከማለት በቀር አልተንቀሳቀሰም። አንዲት ጥይት ሆዱን መታችው። ግሬቭስ የሚባለው ሌላው መርማሪ የሩቢን እጅ ከነሽጉጡ አንቆ ስለያዘ ሁለተኛ ጥይት አልወጣም። ይህ ሁሉ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይታይ ነበር። ኦስዋልድም ኬኔዲ በሞቱበት በፓርክላንድ ሆስፒታል ሞተ።

ሮበርት ጃክሰን በዚያች ቅጽበት ያነሳውን ፎቶ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፑሊትዘር የሚባለውን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት አግኝቶበታል። ሰው የሚያየው በሕመም አፉን የከፈተውን ኦስዋልድን ነው። የእኔ ዓይን ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬ ላይ ይቀራል። ኦስዋልድ ቲፒት የሚባል የዳላስ ፖሊስም ገድሏል ተብሎ ነበር የተያዘው። የቲፒትን ግድያ ከሚያጣሩት አንዱ ደግሞ ላቬል ነበር። የባልደረባዬ ገዳይ ነው የሚለውን ሰው ነው ከጥይት ሊያድን የጎተተው! በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። እስረኛ አደራ ነው። ብትጠላውም፣ ሕዝቡ ሁሉ ይሙት ቢልህም፣ አደራህ ነው።

ኦስዋልድ ችሎት ፊት ሳይቆም ሞተ። ሩቢም ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ተሻረ፣ ክርክሩ እንደገና ሳይጀመር እ.ኤ.አ. በጥር 1967 ታሞ ሞተ። የኬኔዲን ግድያ እንዲያጣራ የተቋቋመው የዋረን ኮሚሽን ኦስዋልድ ብቻውን ነው ያደረገው አለ። ከ15 ዓመት በኋላ የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ሴራ ሳይኖርበት አይቀርም አለ። ሕዝቡ እስከዛሬ ይከራከራል። ተከሳሹ ቆሞ ቢናገር፣ ምስክሮች ቢጠየቁ ኖሮ ክርክሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የክልላችን ባለሥልጣናት የተገደሉበትን የሰኔ 15 ቀን 2011ን ምሽት ያየን የባሕር ዳር ሰዎች፣ ያላለቀ ጥያቄ ይዞ መኖር ምን እንደሚመስል ማንም ሊነግረን አያስፈልግም። ከተማችን ገና ሐዘን ላይ ሳለች፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ፣ ላቬል በ99 ዓመቱ አረፈ። ወጣት የባሕር ኃይል ወታደር ሳለ ጃፓን በአሜሪካ የባሕር ኃይል ሰፈር ላይ ካደረሰችው የፐርል ሃርበር ጥቃት የተረፈ ሰው ነው። ያቺን እሑድ ግን እስከ እርጅናው ድረስ ለጠየቀው ሁሉ ሲያወራ ኖረ። ምስክር እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። ያየውን ይዞ አልተደበቀም።

አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ቡናው ሲፈላ ያን ኅዳር በሬዲዮ ምን እንደሰሙ ጠይቁልኝ። የሚነግሯችሁን ጻፉት።

በበዓል ተረኛ ሆናችሁ እስረኛ የምትጠብቁ ልጆቼ፣ ለእናንተ የተለየ ሰላምታ አለኝ። ዛሬ ምግብ ይዘው የሚመጡ እናቶች ይበዛሉ። በር ላይ ብዙ አታቁሟቸው። መልካም በዓል!