ሊራ ከጀመርኩ 14 ወር ሞላኝ

የግሪኳ ደሴት የቀርጤስ ሊራ በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ ነው፤ አውታሩ በጣት አይጫንም። የግራ እጅ ጥፍር ከጎን ገፋ ያደርገዋል፤ ዜማው የሚወጣው በዚያ ነው። ማሲንቆ ለሞከረ ሰው ይሄ አይከብድም፤ ማሲንቆ ላይም ጭራውን ከእንጨቱ ጋር አናጣብቀውም። ግን ሊራ ሦስት አውታር አለው፦ ሶል፣ ሬ፣ ላ። የአሁኖቹ ደግሞ ብረት ናቸው፣ ጥፍር ይበላሉ። ብዙ ወር ያሰቃየኝ እሱ ነው። ጥፍሬ ሲያጥር ሥጋዬ አውታሩን ይነካውና ድምፁ ይታፈናል። አሁን በየሳምንቱ እሞርደዋለሁ፤ ከጣቴ ጫፍ ለጥቂት አለፍ ሲል ልኩ ነው።

ሁለተኛው ትግሌ ደጋኑ ነበር። ድሮ የሊራ ደጋን ላይ ትንንሽ ቃጭሎች ይታሰሩ ነበር፤ ተጫዋቹ ብቻውን ዜማውንም ምቱንም እንዲይዝ። አስተማሪዬ እንዲህ ያለ ደጋን አዋሰኝ። ሲርቶስ የሚባለውን ጭፈራ በሱ ስለማመድ፣ እጄ የት ላይ እንደሚዘገይ ቃጭሉ ወዲያው ይነግረኛል። ከሜትሮኖም ይልቅ ጠቅሞኛል። ካገኛችሁ ሞክሩት።

ከዚያ ሰኔ መጣ። ግሪኮች የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት ጁን 24 ያከብራሉ፣ በእኛ ሰኔ 17 መሆኑ ነው። የእኛው ሰኔ 30 ነው። ዋዜማውን ቀርጤስ ውስጥ፣ ሬቲምኖ ከሚባለው ከተማ አጠገብ ባለች የባሕር ዳር ከተማ ነበርኩ። ከሜይ 1 ጀምሮ በየበሩ ተሰቅሎ የደረቀው የአበባ ጉንጉን እሳት ውስጥ ይጣላል፤ ትልቅ ትንሹ እሳቱን ሦስት ጊዜ ይዘላል። ልጃገረዶች አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ውሃ ቀድተው ያመጣሉ። ገንቦው ውስጥ እያንዳንዳቸው ቀለበት ወይም ጉትቻ ይጥላሉ። በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ ደጅ ያድራል። ክሊዶናስ ይሉታል።

በማግስቱ ዕቃው አንድ በአንድ ሲወጣ ለየባለቤቱ ማንቲናዳ ይባልለታል። ቤት የሚመታ ሁለት ስንኝ ነው፤ እያንዳንዱ 15 ቀለም። መሃል መሃል ላይ እንድጫወት ተፈቀደልኝ። አንድ የብር ቀለበት ውሃው እየተንጠባጠበ ወጣ። ባለቤቷ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። አንዲት እናት ማንቲናዳውን ጀመሩ። እኔ ቸኮልኩ፤ ሁለተኛውን ስንኝ በሊራ ሸፈንኩባቸው። ላውቶ የሚባለውን ጊታር መሰል መሣሪያ የሚመቱት አዛውንት ቀና ብለው አዩኝና "ሲጋ፣ ሲጋ" አሉኝ። ቀስ በል ማለት ነው። ገባኝ። አዝማሪም ግጥም ሲቀበል ማሲንቆውን ዝቅ አድርጎ ይጠብቅ የለ? ከዚያ በኋላ የላውን አውታር ብቻ ለስለስ አድርጌ እየጎተትኩ ቤት መምቻውን ጠበቅኩ። የቀሩት ልጆች ዕቃ እንዲሁ ወጣ።

አሁን ማንቲናዳዎችን በቃሌ እየያዝኩ ነው። ቃሉን ካላወቅኩት ስንኙ የት እንደሚያልቅ ጣቴ አያውቅም።