ካርቶን ነው ብዬ የጣልኩት ሰፈር

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል ከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ የማታ ጽዳት እሠራለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይሄ የደረሰው ሱፐርቫይዘር በሆንኩ በሁለተኛው ወር፣ ሹመቱ ገና ትኩስ እያለ ነው።

አብረውን የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ዝምተኛ ናቸው። በእረፍት ሰዓት እኛ ማይክሮዌቭ ላይ ስንሻማ እሳቸው ምድር ቤት ወዳለችው የዕቃ ክፍል ይወርዳሉ። ሸለብ ሊያደርጋቸው ነው ብለን ነበር የምናስበው።

አንድ ሐሙስ ማታ የሕንፃው ኃላፊ ነገ የእሳት አደጋ ፍተሻ አለ፣ የዕቃ ክፍሏ ባዶ ትሁን አለኝ። ጋሼ ፈቃድ ላይ ናቸው። ወረድኩ። ከመጥረጊያዎቹ ጀርባ ወገቤ ድረስ የሚደርስ የካርቶን ክምር አለ። ከላይ ያለውን አነሳሁ። መዳፍ የምታክል ቤት ናት። ግድግዳዋ ካርቶን ነው፣ በቡና አተላ ተቀብቶ ጭቃ መስሏል። ጣሪያዋ ፎይል ነው። ሚዶ ላይ አስተኝተው በጥፍር ስለጫኑት ሞገድ ሞገድ ሠርቶ ቁርጥ ያገራችንን ቆርቆሮ መስሏል። ገልብጬ ሳያት ሥሯ ላይ በእስክሪብቶ «ጠጅ ቤቷ» ይላል። ሌላዋ «እነ ባሻ ግቢ»። ሌላዋ «የእኛ»።

አየሁ እኮ። አላየሁም አልልም። ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው፣ ሦስት ፎቅ ይቀረኛል፣ ኃላፊው ጠዋት ይመጣል። በጥቁር ከረጢት ሞልቼ ቆሻሻ መጭመቂያው ውስጥ ከተትኩት። ሚዶው ራሱ ከክምሩ መሃል ነበር። እሱንም።

ሰኞ ጋሼ ገቡ፣ ወርደው ወጡ። ሄጄ ነገርኳቸው። «ተይው ልጄ፣ ካርቶን ነው» አሉና ጋሪያቸውን እየገፉ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ያደጉበት የአዲስ አበባ ሰፈር እንደፈረሰና ቤት በቤት ከትዝታቸው እየሠሩት እንደነበር የሰማሁት በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው።

ወር ሳይሞላ የልጄ ክፍል ልጆች ስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየምን ሲጎበኙ አብሬ ሄድኩ። መግቢያው ነፃ ነው። ከሥራዬ በእግር ያስኬዳል። በዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ገብቼበት አላውቅም። እዚያ ነው የጄምስ ሃምፕተንን ዙፋን ያየሁት።

ሃምፕተን እዚሁ ዲሲ የመንግሥት ሕንፃዎችን የሚያጸዳ የማታ ሠራተኛ ነበር። በ1909 ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተመልሶ መጥረጊያ የያዘ። በ1950 ገደማ ሰባተኛ ጎዳና አጠገብ ጋራዥ ተከራየ። እኛ ሐበሾች ክትፎ ከምንበላበት ዘጠነኛ ጎዳና ሩቅ አይደለም። ሥራ ሲጨርስ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እዚያ ይገባል። አሮጌ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ካርቶን፣ አምፖል፣ የማርማላታ ብርጭቆ እየሰበሰበ በወርቅማና በብርማ ፎይል ይጠቀልላል። አሥራ አራት ዓመት ያህል። መቶ ሰማንያ ያህል ቁራጭ። ለክርስቶስ ዳግም ምጽአት ነው ያዘጋጀው፤ ከዙፋኑ አናት «አትፍሩ» የሚል አለ። ራሱ በፈጠረው ፊደል የጻፈው ደብተርም አለው፣ ፈትቶ የጨረሰው የለም።

እንዲህ ያለውን ሥራ ባለሙያዎቹ «አውትሳይደር አርት» ይሉታል፣ የውጭ ሰው ጥበብ እንደማለት። ስሙ አይጥመኝም። የጽዳት ሠራተኛ እንዴት የውጭ ሰው ይሆናል? የየክፍሉ ቁልፍ እኛ ጋ ነው።

በ1964 ሞተ። ኪራዩ ሲቀር ባለጋራዡ መጣና በሩን ከፈተ። እዚህ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ያ ሰው የቆመበት ቦታ እኔም ቆሜበታለሁ። የሟች እህት እንኳ ልትወስደው አልፈለገችም። እሱ ግን አልጣለውም። እንደ እኔ ከረጢት ቢያመጣ ኖሮ ልጄ ያንን ግድግዳ ባዶውን ነበር የምታየው።

ቅዳሜ ጋሼን ለምኜ ወሰድኳቸው። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው እቴ! አጎንብሰው ከጎን ከጎን ነው የሚያዩት፣ ፎይሉ ከካርቶኑ ጋር በምን እንደተያያዘ። ጥበቃው ሁለቴ ወደ ኋላ አስመለሳቸው። «ስፒልም ተጠቅሟል» አሉኝ በሹክሹክታ። «ማስቲሽ ብቻ አላመነም። ብልህ ነው።»

ስንወጣ ያካፋል። ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ቆም አሉና «ሚዶ ይዘሻል?» አሉኝ። ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ጥርሱ ደቃቅ ነው። ለማድ ቤት ጣሪያ ይሆናል» አሉና ኪሳቸው ከተቱት።